300 ዓመት ወንጀለኛ ፍለጋ፦ የፒሲኦኤስ፣ የኢንዛይሞችና የአንቲኦክሲደንት ታሪክ



ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤላችሁ የመጣሁት፤ ቡናችሁን አስቀድማችሁ ተቀመጡ። በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ፒሲኦኤስ የሚጠይቁት እየበዙ ነው። አንዷ የምርመራ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ ሌላዋ የክኒን ብልቃጥ። መልኩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ሲጨመቅ አንድ ነው፦ «በዚህ ሕመም ሰውነት ውስጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይበዛል ይባላል፤ ታዲያ አንቲኦክሲደንት ብወስድ አይሻለኝም?»

አዎ ወይም አይ ብሎ መገላገል ይቻላል። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የዚህ ጥያቄ ሥር ወደ ኋላ 300 ዓመት ይሄዳል። የቀድሞ ተማሪዎቼ እንደምታውቁት ደግሞ እኔ ያለ ታሪክ ባዮኬሚስትሪ ማስረዳት አይሆንልኝም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለማታውቁት። ፒሲኦኤስ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው ስም ምሕጻር ነው። የወር አበባ መዛባት ወይም ለወራት መጥፋት፣ አገጭና ደረት ላይ ፀጉር መብቀል፣ አልለቅ የሚል ብጉር፣ ለማርገዝ መቸገር፣ ብዙ ጊዜም የክብደት መጨመር አብረው ይመጣሉ። ሁሉም በአንዷ ላይ ላይታይ ይችላል። በዓለም ዙሪያ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ 100 ሴቶች ውስጥ 10 ያህሉ ላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከእነዚህ ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አልተነገራቸውም። ስለዚህ ይህን ስታነቡ የምታስቧት አንዲት እህት ወይም ጓደኛ ብትኖር አይገርመኝም።

1. ዓይን ያየው

በ1721 አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም አንዲት ወጣት የገበሬ ሴትን በጽሑፉ ገለጸ። ያገባች ናት፣ ወፈር ያለች ናት፣ ልጅ የላትም። እንቁልጢዎቿ፣ ማለትም ኦቫሪ የምንላቸው እንቁላል የሚያመርቱት አካላት፣ ከተለመደው ተልቀው፣ ጎርበጥበጥ ብለው፣ ነጭና የሚያብረቀርቁ፣ የእርግብ እንቁላል የሚያክሉ ነበሩ። የዛሬ ሐኪሞች ይህን ሲያነቡ ፒሲኦኤስን ያስታውሳቸዋል።

በ1844 ደግሞ ፈረንሳዊው አሺል ሸሮ ሽፋኑ የጠነከረና በትናንሽ ቋጠሮዎች የተሞላ እንቁልጢን ገለጸ። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን ሆርሞን የሚባል ቃል እንኳ ገና አልተፈጠረም። ሐኪሙ ያለው መሣሪያ ዓይኑና ቢላዋው ነው። ዓይኑ የሚያየው እንቁልጢውን ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን የጣለው እዚያው ላይ ነው።

ይህ አስተያየት በ1935 ከፍ ያለ ቦታ ደረሰ። የቺካጎዎቹ ሐኪሞች ኢርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል ሰባት ሴቶችን የሚመለከት ጽሑፍ አሳተሙ። የሴቶቹ የወር አበባ ጠፍቷል ወይም ተዛብቷል፣ እንቁልጢዎቻቸው ተልቀዋል። ሐኪሞቹ ሆዳቸውን ከፍተው ከእያንዳንዱ እንቁልጢ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ቆርጠው አወጡ። ከዚያስ? የሰባቱም የወር አበባ ተመለሰ፣ ሁለቱም አረገዙ! በሽታው ለአሥርት ዓመታት «ስታይን ሌቨንታል ሲንድረም» ተብሎ በእነሱ ስም ተጠራ። ቆርጦ ማውጣትም ዋናው ሕክምና ሆነ።

ሕክምናው ለአንዳንዷ ሠርቷል፣ አይካድም። የወንድ ሆርሞን የሚያመርተው ሥጋ ሲቀነስ ሆርሞኑም ይቀንሳል። ግን ዋጋ ነበረው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚፈጠረው ጠባሳ እንቁልጢውን ከአካባቢው ጋር ያጣብቀዋል፣ መጣበቁ ደግሞ በራሱ እርግዝናን ይከለክላል። ልጅ ፍለጋ ቢላዋ ሥር የተኛች ሴት፣ በዚያው ቢላዋ ሌላ እንቅፋት ይዛ ልትወጣ ትችል ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ስሙ ራሱ መሳሳቱ ነው። «ሲስት» ሲባል ሰው የሚያስበው በሽታ የሆነ እብጠት ነው። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ጥቋቁር ክቦች ግን እንዲያ አይደሉም። እንቁላል የያዙ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በለንደን ጤነኛ ሴቶች በአልትራሳውንድ ሲታዩ ከአምስቷ በአንዷ ላይ ይኸው ዓይነት እንቁልጢ ተገኘ። ማለትም ምስሉ ብቻውን በሽታ አይደለም። ዛሬም ግን «ሲስት አለብሽ» ተብላ ዕጢ ያለባት መስሏት እያለቀሰች የምትመለስ ሴት አለች።

2. ጢምና ስኳር

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ወደ 1921 ፓሪስ። ኤሚል አሻርና ጆሴፍ ቲየር የተባሉ ሐኪሞች ፊታቸው ላይ ፀጉር ስላበቀሉ፣ የስኳር በሽታም ስላለባቸው ሴቶች ጻፉ። ስያሜያቸው ጨካኝ ነበር፦ «ጢማም ሴቶች የስኳር በሽታ»። ስያሜውን ተዉትና ፍሬ ነገሩን ያዙ፦ ፀጉሩና ስኳሩ ይያያዛሉ ማለታቸው ነው።

በዚያው ዓመት ካናዳ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን አገኙ። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ዓመት ተወልደው ለመገናኘት ግን 59 ዓመት ፈጀባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንቁልጢ የማኅፀን ሐኪሙ፣ ስኳር የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሆነ። ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ኮሪደር ላይ እየሠሩ ስለ አንዲት ሴት አይነጋገሩም ነበር።

በ1980 ቡርገን፣ ጊቨንስና ኪታብቺ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ ኢንሱሊን ከፍ ሲል የወንድ ሆርሞኑም አብሮ ከፍ እንደሚል አሳዩ። በ1989 አንድሪያ ዱናይፍና ባልደረቦቿ ነገሩ ውፍረት ብቻ አለመሆኑን አረጋገጡ፤ ቀጭን ሆነውም ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራላቸው ነበሩ።

ይህን ለክፍል ሳስረዳ የምጠቀምበት ምሳሌ አለኝ። ኢንሱሊን በር የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። ጡንቻ ጆሮው ደንቁሯል፣ አይከፍትም። ቆሽት «ይሰማ!» ብላ ተጨማሪ አንኳኪ ትልካለች። ጩኸቱ ሰፈሩን ሞላው። ጎረቤቷ እንቁልጢ ግን ጆሮዋ ደህና ነው። ያን ሁሉ ጩኸት ሰምታ «ሥሪ ተባልኩ» ብላ የወንድ ሆርሞን ማምረቷን ታበዛለች።

እዚህ ጋ ነው ኢንዛይም ወደ ታሪኩ የሚገባው። እንቁልጢ ውስጥ የወንድ ሆርሞን ለማምረት የግድ የሚያስፈልግ ፒ450ሲ17 የሚባል ኢንዛይም አለ። በ1996 ጆን ነስለርና ዳንየላ ያኩቦቪች ፒሲኦኤስ ላለባቸው ወፍራም ሴቶች ሜትፎርሚን ሰጥተው ለካቸው። ሜትፎርሚን ያው በየፋርማሲው የምናውቀው የስኳር ክኒን ነው። ኢንሱሊናቸው ሲወርድ የዚህ ኢንዛይም ሥራም ረገበ፣ ቴስቶስትሮናቸውም ወረደ። ማንም እንቁልጢያቸውን በቢላዋ አልነካም! ከ60 ዓመት በፊት ተቆርጦ የወጣው እንቁልጢ ትእዛዝ ፈጻሚ እንጂ ብቸኛ ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው።

3. በሌላ ሰፈር የተሠራ ታሪክ

ፒሲኦኤስን ለአፍታ እናቆየውና ስለ ኦክስጅን እናውራ። ሁለቱ ታሪኮች ኋላ ላይ ይገናኛሉ።

በ1818 ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴናር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን አገኘ። ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው ፈሳሽ ነው። የእንስሳት ሥጋ ሲነካው እንደሚፈርስ ያኔውኑ አስተዋለ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያስረዳ አልነበረም። በ1901 ኦስካር ሎው አረፋውን የሚያስነሳውን ኢንዛይም ካታሌዝ ብሎ ሰየመው። የጉበት ቁራጭ ላይ ፐርኦክሳይድ ጠብ ስናደርግ ቱፍ ብሎ የሚነሳውን አረፋ የምታስታውሱ ተማሪዎቼ፣ ያ ካታሌዝ ነው።

በ1938 ካምብሪጅ ውስጥ ማንና ኬይሊን ከበሬ ደም ውስጥ መዳብ ያዘለ ሰማያዊ ፕሮቲን አወጡ። ምን እንደሚሠራ አልታወቀም። ምናልባት የመዳብ ማስቀመጫ ይሆናል ተባለ። ፕሮቲኑ ለ31 ዓመት ሥራ እንደሌለው ሰው ተቀመጠ። በ1969 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጆ ማኮርድ የሚባል ተማሪ ከመምህሩ ከኧርዊን ፍሪዶቪች ጋር ሥራውን አገኙለት። ሱፐርኦክሳይድ የሚባለውን ቁጡ የኦክስጅን ዝርያ ይዞ የሚያበርድ ኢንዛይም ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ አሉት፣ በአጭሩ ኤስኦዲ።

ይህ ለምን ትልቅ ዜና ሆነ? ሰውነት ይህን የሚያክል መከላከያ ካዘጋጀ፣ የሚከላከለው ጠላት በውስጡ አለ ማለት ነዋ! አርጀንቲናዊቷ ረቤካ ገርሽማን በ1954 ከባልደረቦቿ ጋር ኦክስጅን ሲበዛ የሚያደርሰው ጉዳትና ጨረር የሚያደርሰው ጉዳት መንገዳቸው አንድ ነው ብላ ጽፋ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው አላመናትም። ከ1969 በኋላ ግን ወደ እሷ ሐሳብ መመለስ ግድ ሆነ።

ነገሩን በጓዳችን ቋንቋ ላስረዳ። ቅቤ ሲከርም ጠረኑ ይለወጣል፤ ዘይትም እንዲሁ። ኦክስጅን ስቡን እየበላው ነው። የሕዋሳችን ግድግዳም ስብ ነው፣ እሱም እንዲሁ «ሊከርም» ይችላል። ሲከርም ከሚተፋቸው ነገሮች አንዱ ማሎንዲአልዴሃይድ ይባላል። ዘይት መበላሸቱን ለማወቅ የምግብ ባለሙያዎች የሚለኩት ነገር ራሱ፣ በሐኪም ቤት ጥናት የሰው ደም ውስጥ ይለካል።

በ1985 ጀርመናዊው ሄልሙት ሲስ ለነገሩ ስም አወጣለት፦ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ። ትርጉሙም ሚዛን ነው። አንድ ወገን የሚያቃጥሉ፣ ሌላ ወገን የሚያበርዱ አሉ። ሚዛኑ ወደሚያቃጥሉት ሲያጋድል ጉዳት ይመጣል። ሚዛን የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ነጋዴዎቹ የሚረሷት እሷን ነው።

4. ሁለቱ ታሪኮች ሲገናኙ

በ2001 የቱርክ ተመራማሪዎች ፒሲኦኤስ ያለባቸውን ሴቶች ደም ከጤነኞች ጋር አወዳደሩ። የስብ መክረሚያ ምልክቱ ማሎንዲአልዴሃይድ ጨምሯል። ግሉታታዮን የሚባለው የሰውነት ዋነኛ አብራጅ ቀንሷል። ኤስኦዲስ? ኤስኦዲ ጨምሯል።

በ2006 ፍራንክ ጎንዛሌዝና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሌላ ነገር አደረጉ። ሴቶቹ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ጠጡ፤ ከዚያ ነጭ የደም ሕዋሶቻቸው ተለኩ። ፒሲኦኤስ ባለባቸው ላይ ሕዋሶቹ ያን ቁጡ ኦክስጅን ማምረታቸውን ጨመሩ። ቀጭኖቹም ላይ ጭምር። አንድ ብርጭቆ ስኳር እሳቱን ቆሰቆሰው ማለት ነው።

በ2013 ሙሪ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እስከዚያ የተሠሩ 68 ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ አሰሉ። 4,933 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች፣ 3,671 የሌለባቸው። ማሎንዲአልዴሃይድ በ47 በመቶ ከፍ ብሏል። ግሉታታዮን በ50 በመቶ ወርዷል። ፓራኦክሶኔዝ የሚባለው፣ «ጥሩው ኮሌስትሮል» ላይ ተሳፍሮ የሚዞር ጠባቂ ኢንዛይም፣ ሥራው በ32 በመቶ ቀንሷል። የኤስኦዲ ሥራ ግን በ34 በመቶ ጨምሯል። መደምደሚያቸውም ይህ መዛባት የውፍረት ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። ኤስኦዲ ጠባቂ ነው ብለናል። በሕመምተኞቹ ላይ ለምን ጨመረ? መጨመሩ መልካም ነው ወይስ ክፉ?

አንድ ሰፈር ውስጥ አምስት የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ብታዩ ምን ትላላችሁ? «ይህ ሰፈር እንዴት ያለ ጥበቃ አለው» አትሉም። «እሳቱን ያስነሱት መኪኖቹ ናቸው» ብትሉ ደግሞ ይሳቅባችኋል። አንድ ነገር እየነደደ እንደሆነ ትረዳላችሁ። የኤስኦዲ መጨመርም በብዛት የሚተረጎመው እንዲሁ ነው፦ ሰውነት ለእሳቱ መልስ እየሰጠ ነው።

ደግሞ ኤስኦዲ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። ሱፐርኦክሳይድን ይዞ የሚለውጠው ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ወደዚያ ቁስል ላይ ወደሚፈላው። ያን የሚያጠፉት ካታሌዝና ግሉታታዮንን የሚጠቀሙ ኢንዛይሞች ናቸው። የመጀመሪያው ሠራተኛ ሥራ አብዝቶ፣ የሁለተኛው መሣሪያ ግማሽ ከሆነ፣ ሥራው መሐል ላይ ይከማቻል። ስለዚህ የአንድ ኢንዛይም ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ሲታይ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ሰልፉ በሙሉ ነው።

እሳቱን መጀመሪያ ማን ለኮሰውስ? ኢንሱሊን አልሰማ ሲባል ስኳር ይበዛል፣ ስኳር ቁጡ ኦክስጅንን ይቀሰቅሳል። ቁጡ ኦክስጅን ደግሞ ዞሮ ኢንሱሊን የሚያስተላልፈውን መልእክት ያደናቅፋል። ዶሮና እንቁላል ነው ነገሩ። ክብ ላይ ደግሞ «መጀመሪያ» የለም።

5. ያለ እሳት ወጥ አይሠራም

«እንግዲያስ እሳቱን እናጥፋው!» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ። አመክንዮው ቀላል ነው፣ ክኒኑም ቀላል ነው። ታሪኩ ግን ይህን አመክንዮ ሦስት ጊዜ ፈትኖታል። ሦስቱንም ላውራችሁ።

የመጀመሪያው ፊንላንድ ነው። ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች የተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ በ1994 ውጤቱ ወጣ። ቤታ ካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲደንት የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ይቀንስላቸዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ18 በመቶ ጨመረባቸው።

ሁለተኛው ጀርመን፣ ዬና ከተማ፣ 2009። ወጣት ጤነኛ ወንዶች ለአራት ሳምንት ስፖርት ሠሩ። ከፊሉ ቫይታሚን ሲ እና ኢ ወሰደ፣ ከፊሉ አልወሰደም። ስፖርት ኢንሱሊን በደንብ እንዲሠራ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ክኒኑን ባልወሰዱት ላይ ይኸው ጥቅም ታየ። በወሰዱት ላይ ጠፋ! በስፖርት ጊዜ የሚፈጠረው ትንሽ እሳት ለካ ለጡንቻው «ተዘጋጅ» የሚል ደወል ነበር፤ ክኒኑ ደወሉን ዘጋው። ወንዶች ናቸው፣ ጤነኞች ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ፒሲኦኤስ ወዳለባት ሴት መገልበጥ አይቻልም። ግን ለፒሲኦኤስ መጀመሪያ ከሚመከሩት ነገሮች አንዱ እንቅስቃሴ መሆኑን ስታስቡ ቆም ያሰኛል።

ሦስተኛው ለዛሬው ጉዳያችን ቅርቡ ነው። በ2011 በእስራኤል ቫይዝማን ተቋም የእንቁላል ከከረጢቷ መውጣት በአይጦች ላይ ተጠና። ተመራማሪዎቹ በእንቁልጢው ዙሪያ አንቲኦክሲደንት አስገቡ። እንቁላል መውጣቱ ታወከ። ከረጢቷ እንድትከፈት ያ ቁጡ ኦክስጅን ራሱ መልእክተኛ ሆኖ ያስፈልጋል። አይጥ ሰው አይደለችም፣ ልክ ነው። ግን ልጅ ፍለጋ በጭፍን ክኒን ለምትውጥ ሴት ይህን አለመንገር ነውር ይመስለኛል።

እናቶቻችን ያውቁታል፦ እሳት ቤት ያቃጥላል፣ ያለ እሳት ግን ወጥ አይሠራም። ብልሃቱ ምድጃውን በውሃ ማጥለቅለቅ ሳይሆን መመጠን ነው። ሲስ በ1985 «ሚዛን» ያለውም ይህንኑ ነው።

6. ታዲያ ምን ይሁን?

አንቲኦክሲደንት ሁሉ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። በፒሲኦኤስ ላይ የሚሞከሩ አሉ፤ ጥናቱም ይቀጥል። እኔ የምለው በጥናት ላይ ያለ ነገር እንደተረጋገጠ መድኃኒት አይሸጥ ነው። በደም ውስጥ አንድ ቁጥር ተዛብቶ መገኘቱ፣ ያንን ቁጥር ማስተካከል ሴቲቱን ያድናል ማለት አይደለም። ቺካጎዎቹ ሐኪሞች እንቁልጢውን አይተው እንቁልጢውን ቆረጡ። ኢንዛይም አይቶ ኢንዛይም የሚያሳድድም ያው ነው፤ ቢላዋው ክኒን ሆነ እንጂ።

ሥራቸው በሚገባ የተፈተኑ ነገሮች ግን አሉ። ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት፣ በ2014 በ750 ሴቶች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ሙከራ ሌትሮዞል የሚባለው መድኃኒት ከቀድሞው ክሎሚፊን እንደሚሻል አሳየ። ከመጀመሪያዎቹ 27.5 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 19.1 በመቶ ልጅ ታቀፉ። ክብደት ላለባት ሴት ጥቂት መቀነስ እንኳ ይረዳል። እንቅስቃሴ ለቀጭኗም ለወፍራሟም ይጠቅማል። ሜትፎርሚን ደግሞ ሐኪም ሲያዝዘው ቦታ አለው።

በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ፒሲኦኤስ ለማለት ለአዋቂ ሴት ከሦስት ሁለቱ በቂ ነው ይላል፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት ወይም ምልክቱ፣ እና የእንቁልጢው መልክ በአልትራሳውንድ ወይም ኤኤምኤች በሚባለው የደም ምርመራ። ይህን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አለመሆናቸው መጀመሪያ ይጣራል። ኤስኦዲን ለካ፣ ግሉታታዮንን ለካ የሚል የለበትም። ስኳር ታዪ ይላል፤ ከታወቀ ጀምሮ በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ። ደም ግፊት ተለኪ ይላል። የወር አበባሽ ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ዝም አትበይ ይላል፤ የማኅፀን ግድግዳ ሳይታጠብ ሲከርም የካንሰር ሥጋት ስለሚጨምር። ጭንቀትና ድብርትም ይጠየቅ ይላል። እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ ማስታወቂያም የላቸውም።

ከፎቶዋችሁ ላይ የማየው ብልቃጥ ዋጋው ቀላል አይደለም። ያ ገንዘብ ለአንድ የስኳር ምርመራና ለአንድ ጥሩ ሐኪም ቀጠሮ ቢውል እመርጣለሁ። መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደግሞ በእኔ ጽሑፍ ተነስታችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። 300 ዓመት ሙሉ የወንጀለኛው ስም ሲለዋወጥ አይተናል። እንቁልጢው ነው ተባለ፣ ጢሙ ነው ተባለ፣ ውፍረቱ ነው ተባለ፣ ኢንሱሊኑ ነው ተባለ፣ አሁን ደግሞ ኢንዛይሙ ነው እየተባለ ነው። እያንዳንዱ የእውነቱ ቁራጭ አለው። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ሳይለወጥ የቆየ አንድ ተከሳሽ አለ፣ ሴቲቱ ራሷ። ቫሊስኔሪ ያያት ገበሬ ልጅ አልወለደችም ተብላ በመንደሯ ምን እንደተባለች መገመት አያቅተንም፤ እኛም አገር ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው ወዴት እንደሆነ እናውቃለን። ባልየው አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። «ስለበላሽ ነው»፣ «ስለዘገየሽ ነው»፣ «ጭንቀት ስላበዛሽ ነው» ይባላል።

ባዮኬሚስትሪው የሚለው ሌላ ነው። የ4,933ቱ ሴቶች ደም ውስጥ የታየው ቸልተኝነት አይደለም። ማንም ሳያያቸው ቀንና ሌሊት እሳት የሚያጠፉ ኢንዛይሞች ናቸው። ሰውነቷ እየታገለላት ነው። እኛ ደግሞ ከጎኗ መቆም እንጂ በላይዋ ላይ መጨመር የለብንም።

ይህ ጽሑፍ ይጠቅማታል የምትሏት እህት ካለች ላኩላት። ባሏም ቢያነበው ደስ ይለኛል። የምትጨምሩት ወይም የምትጠይቁት ካለ ጻፉልኝ፣ ቀስ እያልኩ እመልሳለሁ።

ሰላም ሁኑ።